«ማነው ያለው?»

ልጆቼ ስላችሁ አትቀየሙ። ስድሳን አልፌያለሁ። ጊታር ያዘለ ሁሉ ልጄ ይመስለኛል።

ባለፈው ወር አንድ የሰፈራችን ልጅ ቤቴ መጣ። ጀርባው ላይ ጊታር፣ እጁ ላይ ፍላሽ። «ጋሼ፣ አልበሜ አልቋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይወጣል። እስቲ አንዴ ስማልኝ» አለኝ። (ለሌላ አገር ሰው፦ እኛ የድሬዳዋ ሰዎች አንቱታ ብዙም አይሆንልንም። ልጁ ባለጌ አይደለም።)

ሥራው ኢንዲ ሮክ ነው። ኢንዲ ማለት ከትልልቆቹ አሳታሚዎች ውጭ፣ በራሱ ወጪ በራሱ መንገድ የሚሠራ ማለት እንደሆነ አስረዳኝ። በእኛ ጊዜም ነበረ። ስሙ ብቻ ሌላ ነው፤ «ገንዘብ የሌለው ሙዚቀኛ» እንለው ነበር።

እንዲሰማ ብዬ ቬንትሌተሩን አጠፋሁ። በሚያዝያ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቬንትሌተር አጥፍቶ 11 ዘፈን መስማት ፍቅር ነው፤ ይታወቅልኝ። ጊታሩ ጥሩ ነው። ድምፁ የራሱ ነው፣ ማንንም አይመስልም። ግጥሙን ራሱ ጽፏል። አራተኛው ዘፈን ላይ አዝማቹ ትንሽ ቆረቆረኝ፣ ግን ዝም አልኩ። ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት።

«ይሄን ማን ሰምቶታል?»

«ማንም። አንተ የመጀመሪያው ነህ።» በኩራት ነው ያለው።

እኔ ደግሞ ደነገጥኩ። አንድ ዓመት ሙሉ መኝታ ቤቱ ውስጥ ቀርጾ፣ አስተካክሎ፣ ሽፋን አሠርቶ፣ አንድ ሰው ፊት አልዘፈነውም። «እንግዲያውስ አላለቀም» አልኩት። ተናደደ። ተናዶም ጥሩ ክርክር አመጣ። አሜሪካዊው ሮክ ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣውን «ኔብራስካ» የተባለ አልበም የቀረጸው ቤቱ ተቀምጦ፣ በአንዲት ባለ አራት ትራክ ካሴት መቅጃ አይደለም ወይ አለኝ። ልክ ነው። ለባንዱ ማሳያ ብሎ የቀዳው ነው፣ በኋላ ባለበት እንዳለ ወጣ። ያንን ካሴት እኔም እወደዋለሁ። ግን ሰውየው የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። መኝታ ቤቱ ሲገባ ስንት ዓመት መድረክ ላይ ሲያልበው ኖሮ ነው። ሕዝቡን ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞት ገብቷል። አንተ ማንን ይዘህ ገባህ?

ሩቅ ምን አስኬደኝ። ዓሊ ቢራ የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። ገና ልጅ ሳለ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር ሰርግና ዒድ ላይ ሲዘፍን ነው ያደገው። ሸክላውም ካሴቱም በኋላ መጣ። «ቢራ» የሚለው ስም ራሱ የወጣለት ከዘፈነው ዘፈን ነው፤ ሰዉ ሰምቶ ነው ያወጣለት። ስም የሚያወጣ ሰው ፊት ሳትቆሙ አልበም ስታወጡ ይገርመኛል።

ልጁን ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤት ቤት ወሰድኩት። የበርጫ ሰዓት ነው። አሥር የምንሆን ሰዎች፣ ትራስ ተደግፈን፣ መሐል ላይ የውኃ ጆግና ቴርሞስ። መብራትም ጠፍቶ ነበር፤ እሰየው፣ ማይክ የለም፣ ማሳመሪያ የለም። ለምን እዚያ እንደወሰድኩት ልንገራችሁ። የድሬ ሰው ለይሉኝታ አያጨበጭብም። ዘፈንህ ካልያዘው አይሰድብህም፣ ወሬውን ይቀጥላል። ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ ዳኛ የት ይገኛል?

የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወሩ ነበር። ቀጠሉ። ሁለተኛውም ላይ እንዲሁ። የልጁ ጆሮ ቀላ። ሦስተኛው ላይ አንዱ ሹፌር ወሬውን አቋርጦ ቀና አለ። አራተኛው ጋ ደረስን፣ ያች የቆረቆረችኝ። አዝማቹ «ሰው አለ፣ ሰው አለ» ነው የሚለው። ብቻዬን አይደለሁም፣ አጠገቤ ሰው አለ ለማለት ነው። ሁለቴ ደገመው። ይሄኔ ቡና የምታፈላው ሴትዮ ረከቦቱ ላይ እንደተጎነበሰች «አቦ አንተ ልጅ፣ ማነው ያለው?» አለችው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ነገሩ ይሄ ነው። «አለ» ለ ሲጠብቅ መኖር ነው። ሲላላ መናገር ነው። ልጁ ዜማውን የሠራው እንደ ብዙዎቻችሁ ነው፤ መጀመሪያ ጊታር፣ ከዚያ እንግሊዝኛ የሚመስል ትርጉም የሌለው ማንጎራጎር፣ መጨረሻ ላይ አማርኛውን እዚያ ላይ መለጠፍ። ዜማው ለ ላይ እንዲቆም ጊዜ አልሰጠም፣ ስለዚህ ላላ። ሰውየው መኖሩ ቀረና አንድ ነገር ተናገረ። ምን እንዳለ ግን አልሰማንም። ሴትዮዋ ትክክል ናት።

ይሄ ነገር ፊደላችን ላይ አይታይም፤ «ገና» ብላችሁ ስትጽፉ በዓሉ ይሁን መዘግየቱ ወረቀቱ አያውቅም። አፍ ነው የሚያውቀው። «ዋና» ስትሉ ና ላይ ካላጠበቃችሁ ዋናው ሰው ይቀርና ዋናተኛ ይመጣል። ሮክ ደግሞ ቃሉን በከበሮ ምት ላይ በኃይል የሚጥል ሙዚቃ ነው። ቦታው ከተሳሳተ ስህተቱም በኃይል ይሰማል። እኔ የማደርገው ይሄን ነው፦ ስንኙን ከመንገዱ ማዶ ለቆመ ሰው እንደምጠራ አድርጌ እናገራለሁ። በስልክ እቀዳዋለሁ። የትኛው ፊደል ላይ እንደተደገፍኩ አዳምጣለሁ። ዜማውን ለዚያ እገዛለታለሁ።

ዜማ ካነሳን ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከወሬያችን ትንሽ ቢወጣም። «ጋሼ፣ ሮክና ቅኝት አይገናኙም» የምትሉ አላችሁ። የሮክ ጊታሪስት ቀን ከሌት የሚሮጥባት ባለ አምስት ድምፅ ማይነር ስኬል አለች አይደል? ድምፆቿን ባቲ ማይነር ከሚባለው ቅኝታችን ጋር አስተያዩአቸው። እነዚያው ናቸው። ልዩነቱ የት ላይ እንደምታርፉና እንዴት እንደምታጥፉት ነው። ጃኖ ባንድ ሮክን በአማርኛ ጮክ ብሎ ሲጫወት ሰምታችኋል። መንገዱ ተከፍቷል፣ ማንንም ማስፈቀድ የለባችሁም።

ወደ ቅዳሜ ልመለስ። ስድስተኛው ዘፈን ልጁ ራሱ ያልቆጠረው ነው። ቦታ መሙያ ብሎ ያስገባው፣ አንድ ጊታርና ድምፅ ብቻ፣ ስለ ድሮው ባቡር ጣቢያ። ሲጀምር የሽንኩርቱ ወሬ ቆመ። ሲጨርስ ሹፌሩ «ድገመው» አለ። ደገመው። መኝታ ቤት ተቀምጦ ይሄን በምን ያውቀዋል? ከ11ዱ አራቱን እዚያው ምንጣፉ ላይ ትተናቸው ወጣን። ለአንዱ ብቻ አዘንኩ።

አልበሙ የሚወጣበትን ቀን ግን እንዴት ያስተላልፈው? በዚህ ሲጨነቅ ነበር። ዘፈኑን ኢንተርኔት ላይ የሚያወጡለት አከፋፋዮች ድረ ገጽ ላይ ገብቶ ቀን መቀየር ይቻላል፣ ሳይወጣ በፊት ከሆነ። ከወጣ በኋላ ነው ጣጣው።

ስለ ቀረጻው ብዙ አልላችሁም፣ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቅረጹ፤ ባጃጅ የሚያርፈው ያኔ ነው። ማይኩን ዙሪያውን በብርድ ልብስ ጋርዱት። ድሬ ውስጥ ብርድ ልብስ ለሌላ ምን ይጠቅማል? ጊታራችሁን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አታሳድሩት። ማስተሪንግ ላይ፣ ማለትም የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ ላይ፣ «ጮክ አድርግልኝ» አትበሉ። ስፖቲፋይ ጮክ ያለውን ሁሉ ወደ -14 LUFS (የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) ገደማ አውርዶ ነው የሚያጫውተው፤ የጨፈለቃችሁት ዘፈን ይወርዳል፣ የተጨፈለቀው ግን እንደተጨፈለቀ ይቀራል። ደግሞ 30 ሰከንድ ካልተሰማ እንደ ተሰማ አይቆጥርላችሁም። ለዚህ ብላችሁ ግን መግቢያችሁን አትቁረጡ፤ መግቢያው ጥሩ ከሆነ ሰው ይቆያል። በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተሰማ ዘፈንም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ አይከፍልም። ስለዚህ የቤት ኪራይን ከዚያ አትጠብቁ።

አሁን ስለ ወረቀት። እዚህ ጋ ደሜ ይፈላል።

በ1981 ዓ.ም. አምስት ሆነን በባቡር አዲስ አበባ ሄድን። አንድ ካሴት ሙሉ በሁለት ሌሊት ቀረጽን። አሳታሚው አንድ ገጽ ወረቀት አቀረበልን። ምን እንደሚል ዛሬም አላውቅም፣ ምክንያቱም አላነበብኩትም። ብሩን አይቼ ፈረምኩ። ብሩ መመለሻ ቲኬትና አንድ ጥንድ ጫማ ሆነ። ጫማው ሁለት ዓመት አላገለገለም። ከዚያ ካሴት አንዱ ዘፈን ግን እስከ ዛሬ ሰርግ ላይ ይዘፈናል። ግጥሙም ዜማውም የእኔ ነው። ዩቲዩብ ላይ ስታዩት በግጥምና ዜማ ቦታ የማላውቀው ሰው ስም ተጽፏል። አንድ ጊዜ ልጄ ሰርግ ላይ ተነስቼ «የእኔ ነው» ልል ነበር። ባለቤቴ ኮቴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

እናንተ የተሻለ ጊዜ ላይ ናችሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 አለ። ግጥምና ዜማ የደረሰው ሰው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። የዘፈነው፣ የተጫወተው፣ ቅጂውን ያሳተመውም ለየብቻ መብት አላቸው፣ እነሱም 50 ዓመት። ለየብቻ የምትለዋን ልብ በሉ። አንዱን ስትሸጡ ሌላውን አብራችሁ እንዳትሰጡ። ደግሞ ከበሮ የመታላችሁ ጓደኛችሁም መብት አለው። «ወንድሜ ነው፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል» አትበሉ። ወንድም ስለሆነ ነው የሚያስፈልገው። ግማሽ ገጽ ትበቃለች፤ ማን ጻፈ፣ ማን ተጫወተ፣ ከሚገኘው ለማን ስንት። ፈርሙ፣ ፎቶ አንሱት፣ ፈጢራ ብሉና ተለያዩ።

ልጁ ባለፈው ሐሙስ ተመልሶ መጣ። ሰባት ዘፈን። አከሳው እንጂ አላሳነሰውም። የአራተኛውን አዝማች እንደ አዲስ ሠርቶታል። ለ ላይ አንድ ሙሉ ምት ይቆማል፣ ጊታሩም አብሮት ይቆማል። እኔ ጋ አልጀመረም፣ ቀጥታ ጎረቤት ገባ። ሴትዮዋ ቡና እያጠበች ነበር። ዘፈነላት። ጨረሰ። ምንም አላለችም። ልጁ እኔን አየኝ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ቡናውን ምጣድ ላይ አደረገችና ማማሰል ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ፣ ለራሷ ነው፣ «ሰው አለ፣ ሰው አለ» ስትል ሰማናት። አጥብቃ።