«ኢንጂነሩ» እና የሳሎኑ ፎቶ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤

የዛሬ ልጆች የገቡት ሰው ካለ እባካችሁ ለእኔም ያስረዳኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ኮልፌ ነው የምኖረው። በ1974 ከዩኒቨርሲቲ ስወጣ ምደባዬ ጎሬ ደረሰኝ። ጎሬ በየት በኩል እንደሚኬድ እንኳ በቅጡ አላውቅም ነበር። ፍራሼን ጠቅልዬ ሄድኩ። አላኮረፍኩም፣ አልመረጥኩም።

ልጄ 26 ዓመቱ ነው። በ2015 በሲቪል ምህንድስና ተመረቀ፤ የመውጫ ፈተናውንም አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ስልክ ነው። ቁርስ ላይ ስልክ፣ ምሳ ላይ ስልክ፣ ሽንት ቤትም ይዞት ይገባል። ሳናግረው አንዱን ጆሮውን ብቻ ይከፍትልኛል። ስመክረው «ፈታ በል አባዬ» ይለኛል። እኔ አባቴን እንዲህ ብለው ኖሮ ጥርሴ አይተርፍም ነበር።

አንዳንድ ቀን ደግሞ ሳንነሳ ይወጣና ማታ 3 ሰዓት ይገባል። የት እንደዋለ አይናገርም። በራችን ላይ ያለው ባለሱቅ ጋ አሮጌ ጫማ በፌስታል ያስቀምጣል አሉ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ጥፍሩ ሥር ነጭ ነገር አይጠፋም፤ ንጽህናም ድሮ ቀረ። እናቱ «ዘይት ገዛልኝ» ትላለች። ከየት አምጥቶ?

እድር ላይ «ኢንጂነሩ እንዴት ነው?» ይሉኛል። «እየፈለገ ነው» እላለሁ። እስከ መቼ?

ባለፈው እሑድ ሳሎን የተሰቀለውን የምረቃ ፎቶውን «አባዬ፣ አውርደው» አለኝ። በትልቅ ፍሬም ያሠራሁት ፎቶ ነው። ጮህኩበት። ምንም ሳይመልስልኝ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገርንም። ላውርደው ወይስ ይቆይ? የቸገረኝ ይሄ ነው።

አባት፣ ከኮልፌ

*

ጋሼ፣ ስልኩን ለጊዜው እንተወውና ስለ ጫማው እናውራ።

ፌስታሉን ከፍተው አይተውታል? እኔም አላየሁትም፤ ግን እወራረዳለሁ። ቆዳው ሲሚንቶ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ የደረቀ ጫማ ነው። የታናሽ ወንድሜም እንደዚያው ነበር። ጥፍሩ ሥር ያለው ነጭ ነገርም ነጭ ሲሚንቶ ይመስለኛል። ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ መሐል ለመሐል ያለው ክፍተት የሚሞላበት። ወንድሜ በሳሙና አልለቅ ሲለው በሎሚ ይፈገፍገው ነበር።

ልጅዎ ይሠራል ጋሼ። ከእርስዎ ተደብቆ ይሠራል። ሰው ስርቆት ይደብቃል፣ መጠጥ ይደብቃል። ሥራ የሚደብቅ ልጅ ምን አስፈርቶት ነው? ሳሎን ግድግዳ ላይ ጋውን ለብሶ የሚያየው ያ «ኢንጂነር» ነዋ። ጠዋት ሲወጣም ማታ ሲገባም ከፊቱ ነው።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚህ ላይ ልቆጣዎት ነው። ጎሬ ሩቅ ነበር፤ ግን ደመወዝ ነበረው። መንግሥት ስምዎን ዘርዝሮ፣ ቦታ ሰጥቶ ላከዎት። እሱን ማን መደበው? በእርስዎ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ጥቂት ነበር። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። በ2001 ደግሞ «70 በ30» መጣና ከመቶ ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲሄድ ተደረገ። መምህር ነበሩ፤ «ምህንድስና ግቡ» ብለው ስንቱን እንደመከሩ ራስዎ ያውቃሉ።

ስልኩንም ቢሆን ጨርሼ አልተውኩትም። ድሮ ሥራ ፈላጊ አራት ኪሎ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ማስታወቂያ ይገለብጥ ነበር። አሁን ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራ ሲፈልግ ነው የሚውለው አልልዎትም። ቲክቶክም አለ፤ እኔም አለሁበት። ግን ማስታወቂያውን ሲከፍተው «የሥራ ልምድ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ» ነው የሚለው። ያንን በቀን ሃያ ጊዜ የሚያነብ ልጅ «ፈታ በል» ሲል፣ ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ለራሱም እያለው ይሆናል።

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። «ወጣቱ ሥራ ይንቃል» እያልን ለቅሶ ቤቱን፣ ታክሲውን፣ ጋዜጣውን እንሞላለን። እጁን አቆሽሾ ሲሠራ ስናየው ደግሞ «ይሄን ሁሉ ተምሮ ሴራሚክ?» ብለን ከንፈር እንመጥጣለን። ታዲያ ንቀቱ የማን ነው?

ዘይቱ ከየት እንደመጣ ባለቤትዎን ይጠይቋት። እሷ ሳታውቅ የቀረች አይመስለኝም።

ፎቶውን አሁን አያውርዱት። በኩርፊያ መሐል ከወረደ «ተስፋ ቆረጥኩብህ» ያሉት ይመስለዋል። መጀመሪያ ባለሱቁ ጋ ይሂዱ። ጫማውን ይዘው ይምጡና በር ላይ፣ ከራስዎ ጫማ አጠገብ ያስቀምጡት። ምንም አይናገሩ። ማታ ሲገባ ያየዋል። ፎቶውን ከዚያ በኋላ እሱ ያውርደው፣ ወይም ይተወው።

እድር ላይ ግን «እየፈለገ ነው» የሚሉትን ይተዉ። «ሴራሚክ ይሠራል» ይበሉ። ወለል የሚያሠራ ሰው ከመሐላቸው አይጠፋም።