ቁመቱ ለምን ቆመ? ስለ ክሮንስ በሽታ የወላጆች ጥያቄና የሕፃናት ሐኪም መልስ

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ዶክተር፣ ልጄ 12 ዓመቱ ነው። ታናሽ እህቱ በቁመት በለጠችው። ሆዱን ባመመው ቁጥር አሜባ ነው ተብሎ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ያገረሽበታል። ሆዱና ቁመቱ ይገናኛሉ?

መልስ፦ አዎ፣ ሊገናኙ ይችላሉ። የአሜባ መድኃኒት እየወሰደ ካገረሸበት ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። ክሮንስ ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት (መቆጣትና መቁሰል) ነው። አንዳንድ ልጅ ላይ ተቅማጥ እንኳ ሳይጀምር ቁመቱን ይገታል። ሲበላ ስለሚያመው ምግብ ይሸሻል፤ የቆሰለው አንጀትም የበላውን በደንብ አይመጥም። ከዚህም በላይ ብግነቱ ራሱ የእድገት ሆርሞንን ሥራ ያዳክማል። ስለዚህ እናቶች «ልጁን አታበሉትም» ተብለው ሲወቀሱ ያሳዝነኛል።

ቤት ውስጥ ይለኩት። ጫማውን አውልቆ ተረከዙን ግድግዳ ያስነካ። ጠንካራ መጽሐፍ አናቱ ላይ አጋድመው በእርሳስ ያስምሩ፤ ቀኑንም ይጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ ይድገሙት። ከጉርምስና በፊት አንድ ልጅ በዓመት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል። በዓመት ከ4፣ በስድስት ወር ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ይመርመር። ሆዱን ግን እስከዚያ አይጠብቁ፤ አሁኑኑ ያሳዩት።

ጥያቄ፦ በርበሬ ነው ያመጣበት?

መልስ፦ አይደለም።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ አንዱ ሐኪም ክሮንስ፣ ሌላው የአንጀት ቲቢ አለን። ማንን እንመን?

መልስ፦ ሁለቱ በጣም ይመሳሰላሉ፤ የትንሹን አንጀት መጨረሻ መያዝ ይወዳሉ። ቲቢ ሆኖ ሳለ የክሮንስ መድኃኒት ቢጀመር ቲቢው ይባባሳል። ስለዚህ ወደ ጥቁር አንበሳም ሆነ ወደ ሌላ ሆስፒታል ለኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ለማየት) ሪፈር ከተጻፈላችሁ አትፍሩ፣ ሂዱ። ከአንጀቱ የሚወሰደው ናሙና ብዙ ነገር ይለያል።

ጥያቄ፦ ልጄ የሚወስደው ፕሬድኒሶሎን (ብግነት ማብረጃው መድኃኒት) ቁመት ያሳጥራል ሲሉ ሰማሁ። ላቋርጥበት?

መልስ፦ በራስዎ በፍጹም እንዳያቋርጡ! ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ እድገት ይገታል፣ እውነት ነው። ድንገት ማቆም ግን ለሕይወት ያሰጋል። ሐኪሙን ስለ ሌላ አማራጭ ይጠይቁት። ለክሮንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ፈሳሽ የተመጣጠነ ምግብ ብቻ በመስጠት ብግነቱን ማብረድ ይቻላል። ከባድ ነው፤ ቤተሰቡ ሽሮ ከቦ ሲበላ ልጁ ኩባያውን ይዞ ይቀመጣል። አጠገቡ ሆናችሁ አበረታቱት።

ጥያቄ፦ ልጄ ክሮንስ አለባት። 15 ዓመቷ ነው፤ የወር አበባ አላየችም። ጊዜው አለፈባት?

መልስ፦ በሽታው ጉርምስናንም ያዘገያል። የግራ እጇና የአንጓዋ ራጅ የአጥንቷን ዕድሜ ያሳያል። የአጥንቷ የማደጊያ ጫፍ ካልተዘጋ፣ ብግነቱ ሲበርድ ገና ታድጋለች። ራጁን ለሚቀጥለው ቀጠሮ አያቆዩት።