ዊንዶውስ 7 ላይ አልከፈት ያለ ፕሮግራም

ጥያቄ፦ ለሱቆች የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ሠርቼ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርጌያለሁ። ወደ ፓይተን 3.11 ካሳደግሁት ወዲህ ዊንዶውስ 7 ያላቸው ሰዎች አልከፈት ብሏቸዋል። አንድ ተጠቃሚ ዊንዶውስ 7 ላይ እንዲሠራ የሚያደርግ የኮድ ማስተካከያ ልኮልኛል፤ ልቀበለው?

መልስ፦ አሁኑኑ አይቀበሉት። ጥፋቱ የእርስዎ ኮድ አይደለም። ፓይተን ከ3.9 ጀምሮ ዊንዶውስ 7ን ትቷል። ስለዚህ ነው ሰዎቹ «ኤፒአይ ኤምኤስ ዊን ኮር ፓዝ» ብሎ የሚጀምር ዲኤልኤል (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የዊንዶውስ ፋይል) ጎደለ የሚል መልእክት የሚያዩት። ፋይሉን ከኢንተርኔት አውርደው እንዳይጨምሩ አደራ ይበሏቸው፤ ምንጩ ያልታወቀ ዲኤልኤል መጫን የሱቁን ሒሳብ ለማይታወቅ ሰው አሳልፎ መስጠት ነው።

ማስተካከያው ዛሬ ቢሠራስ፣ በሚቀጥለው ሪሊዝ (አዲስ እትም ሲወጣ) ማን ይሞክረዋል? ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ጊትሃብ ከሚያቀርባቸው መሞከሪያ ማሽኖች መካከል ዊንዶውስ 7 የለም። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ኮድ ተቀብዬ፣ ላኪው ጠፋ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ «አስቀምጥ» የሚለው ቁልፍ ምንም ሳያስቀምጥ ዝም ይል ጀመር። የአንዲት ባለሱቅ የሙሉ ቀን ሽያጭ ጠፋ። እስካሁን ይቆጨኛል።

የፓይተን አልሚዎች ራሳቸው ፔፕ 11 በሚባለው ደንባቸው፣ አንድ ፕላትፎርም በዝቅተኛው ደረጃ እንኳ እንዲደገፍ ቢያንስ አንድ ዋና አልሚ ኃላፊነቱን እንዲወስድ ይጠይቃሉ። እርስዎም ላኪውን ይጠይቁት፦ ማሽኑ አለህ? ከእያንዳንዱ ሪሊዝ በፊት ትሞክርልኛለህ? እሺ ካለ ይቀበሉትና ስሙን ከነኃላፊነቱ መግቢያው ገጽ ላይ ይጻፉ።

እሺ ካላለ፣ በፓይተን 3.8 የሠራውን የመጨረሻ ቨርዥን ለብቻው ብራንች (ከዋናው የተለየ የኮድ መስመር) ያድርጉት። እዚያ አዲስ ነገር አይጨምሩ፤ መረጃ የሚያጠፋ ስሕተት ብቻ ያርሙ፣ እሱንም እስከ መቼ እንደሚያርሙ ቀኑን ይጻፉ። ፓይተን 3.8 ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ወዲህ የደኅንነት ጥገና እንደማያገኝ አይደብቁ። ከሁሉም በላይ ግን አዲሱ ቨርዥን የድሮውን የመረጃ ፋይል መክፈት እንዲችል ያድርጉት። ባለሱቁ ኮምፒውተር የለወጠ ዕለት የዓመታት መዝገቡ አብሮት መሻገር አለበት።

መጫኛውን በኢኖ ሴትአፕ የሚሠሩ ከሆነ፣ ዝቅተኛውን የዊንዶውስ ቨርዥን የሚወስነውን «ሚንቨርዥን» የሚለውን 6.3 ያድርጉት፤ ዊንዶውስ 8.1 ማለት ነው። ከዚያ በታች ሲሆን የሚወጣውን መልእክት በአማርኛ ይቀይሩት፦ «ይህ ቨርዥን ዊንዶውስ 7 ላይ አይሠራም። ለእርስዎ የሚሆነው እዚህ አለ፤ መዝገብዎ አልተነካም።»