«ክፈል» የሚለው በተን የት ገባ?

ጥያቄ፦ ለአንድሮይድ የሠራሁትን የትኬት መሸጫ አፕ ለማደስ ታርጌት ኤስዲኬውን (አፑ የተዘጋጀለትን የአንድሮይድ ስሪት ቁጥር) ከ34 ወደ 35 አሳደግሁ። ሌላ ኮድ አልነካሁም። አንድሮይድ 15 ባለው ስልክ ስከፍተው ግን ርዕሱ ከሰዓቱና ከባትሪው ምልክት ጋር ተደራርቧል፤ ታች ያለው «ክፈል» በተን ደግሞ ከስልኩ ሦስት ቁልፎች ሥር ገብቷል። በአሮጌው ስልኬ ምንም አልሆነም። ምን ነካው?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ኮድዎ አልተበላሸም፤ የተቀየረው የሲስተሙ አሠራር ነው። ድሮ አንድሮይድ ራሱ ከላይ ለስታተስ ባር (ሰዓቱና ባትሪው ለሚታዩበት)፣ ከታች ለናቪጌሽን ባር (ቁልፎቹ ላሉበት) ቦታ ለይቶ የተረፈውን ለአፑ ይሰጥ ነበር። ታርጌቱ 35 የሆነ አፕ አንድሮይድ 15 ላይ ሲከፈት ግን ስክሪኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይይዛል፤ ባሮቹም በላዩ ላይ ያርፋሉ። ቦታ መተው የእርስዎ ሥራ ሆኗል ማለት ነው።

እባክዎ ከበተኑ ሥር 48 ዲፒ (የስክሪን መለኪያ አሃድ) ብለው በቁጥር አይክተቱ። ሦስት ቁልፍ ባለው ስልክ ልክ ይመጣል። በጣት በመጥረግ በሚሠራ ስልክ ግን ባሩ ቀጭን ስለሆነ ባዶ ቦታ ይተርፋል፤ ስልኩ ሲጋደም ደግሞ የቁልፎቹ ባር ወደ ጎን ሊዞር ይችላል። ልኩን ሲስተሙን ይጠይቁት፤ ይህ ልክ ኢንሴት ይባላል።

መጀመሪያ ኦንክሪኤት (ገጹ ሲፈጠር የሚሠራው ኮድ) ውስጥ፣ ሌይአውቱ (የገጹ አቀማመጥ) ከመጫኑ በፊት፣ «ኢኔብል ኤጅ ቱ ኤጅ» የሚለውን ይጥሩ። በአንድሮይድኤክስ አክቲቪቲ ላይብረሪ ከስሪት 1.8.0 ጀምሮ አለ፤ አሮጌ ስልኮችም እንደ አዲሶቹ እንዲያሳዩ ስለሚያደርግ ሁለት ዓይነት ሌይአውት ከማስተካከል ያድናል። ቀጥሎ በተኑን በያዘው ሳጥን ላይ የኢንሴት ሊስነር (ልኩ ሲመጣ ሲስተሙ የሚጠራው ኮድ) ያድርጉና የሲስተም ባሮቹንና የካሜራ ቀዳዳውን ልክ ተቀብለው ፓዲንግ (የሳጥኑ የውስጥ ክፍተት) ላይ ይደምሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ መደመር ላይ ነው። ሊስነሩ አንዴ ብቻ አይጠራም። የሳጥኑ ፓዲንግ 16፣ ባሩ 48 ቢሆን የመጀመሪያው ጥሪ 64 ይሰጣል። «አሁን ያለው ፓዲንግ ሲደመር ባሩ» ብለው ከጻፉ ሁለተኛው 112፣ ሦስተኛው 160 ያደርሰዋል፤ በተኑም ወደ ላይ እየሸሸ ይሄዳል። 16ቱን ከሊስነሩ ውጭ አስቀምጠው ሁልጊዜ ከእሱ ይነሱ።

ትኬቶቹ የተደረደሩበት ሊስት ላይ ከታች ፓዲንግ ሲጨምሩ «ክሊፕ ቱ ፓዲንግ»ን ፎልስ ያድርጉት። ያኔ ሊስቱ ከባሩ ሥር እያለፈ ይንሸራተታል፤ የመጨረሻው ትኬት ግን ከባሩ በላይ ወጥቶ ይነበባል። ስልክ ቁጥር የሚሞላበት ገጽ ካለ የኪቦርዱንም ኢንሴት አብረው ይጠይቁ። የኪቦርዱ ልክ ከስክሪኑ ጫፍ ስለሚነሳ የባሩን ቦታ በውስጡ ይዟል፤ ትልቁን ይውሰዱ እንጂ ሁለቱን አይደምሩ። በኮምፖዝ (ገጹን በኮድ በሚገነባው የአንድሮይድ መሣሪያ) ለሚሠሩ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ስካፎልድ (የገጹ ዋና ማቀፊያ) የሚሰጠውን ፓዲንግ ሳይጠቀሙበት መተው ነው።

የአፑን መልክ የሚወስነው የቲም ፋይል ላይ ይህን አሠራር የሚያጠፋ መስመር አለ። እሱን አንመክርም፤ ታርጌቱ 36 ሲሆን አንድሮይድ 16 አይቀበለውምና ሥራውን ማዘግየት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አይፎን ላይ የሊስቴ የመጀመሪያ ረድፍ ከላይ ርዕሱን ከያዘው ናቪጌሽን ባር ሥር ተደበቀ። ይዘቱ ከባሮቹ ሥር እንዲዘልቅ የሚያደርገውን «ኤጅስ ፎር ኤክስቴንድድ ሌይአውት»ን ባዶ ሳደርገው ረድፉ ወጣ፤ ባሩ ግን ጠቆረብኝ።

መልስ፦ ባሩ አሳላፊ ነው። ይዘቱን ከሥሩ ሲያወጡት ከኋላው ያለው የዊንዶው ጥቁር ቀለም ያሳልፋል። ያን መስመር ያጥፉትና ሊስቱን ከስክሪኑ ጫፎች ጋር ያያይዙት። ከአይኦኤስ 11 ጀምሮ ሲስተሙ ራሱ ሊስቱን ከባሩ በታች ያስጀምረዋል፤ «ኮንተንት ኢንሴት አድጀስትመንት ቢሄቪየር» ኔቨር ተብሎ ከሆነ ግን ይህን አያደርግም፤ ወደ አውቶማቲክ ይመልሱት። የማይንሸራተቱ ጽሑፎችና በተኖች ከሴፍ ኤሪያ (ባሮቹ ከማይሸፍኑት ቦታ) ጋር ይታሰሩ።