ኬሞ እየወሰድኩ ዐቢይ ጾምን እንዴት ልያዘው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? ወለተ ማርያም ነኝ፣ ከጅማ። የጡት ካንሰር ተገኝቶብኝ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል፤ አሁን በየሦስት ሳምንቱ ኬሞ እወስዳለሁ። ከጀመርኩ ወዲህ 6 ኪሎ ቀንሻለሁ። አፌ ቆስሏል፣ የምበላው ሁሉ ብረት ብረት ይለኛል። የሆስፒታሉ የሥነ ምግብ አማካሪ በየቀኑ እንቁላልና ወተት፣ ሲገኝም ሥጋ ብዪ ብላ ጽፋ ሰጠችኝ። ጾሙ ግን ገባ። አማቴ «ጾም ገድፎ መዳን የለም፤ ጠበሉን በባዶ ሆድሽ ጠጪ» ይሉኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ወተት ካንሰሩን ያሳድገዋል ትላለች። የማንን ልስማ?

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ማርያም፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ትዝ ያለኝ ኤልያስ ነው። ከኤልዛቤል ሸሽቶ፣ ከክትክታው ዛፍ ሥር ወድቆ ሞቱን ሲለምን መልአኩ ተግሣጽ ይዞ አልመጣም፤ እንጎቻና ውኃ ይዞ መጣ እንጂ። «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው (1ኛ ነገ. 19፥7)። አርባውን ቀን የሄደው በልቶ ከተነሣ በኋላ፣ በዚያ ምግብ ኃይል ነው። ስንሰብከው አርባውን ቀን እናስታውስና እንጎቻውን እንረሳዋለን።

ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በአንቀጽ 15 የታመመን ሰው ከጤነኛው ለይቶ ያየዋል። ስለዚህ ታመሽ ብትበዪ ጾም ሻርሽ አይባልም። ብቻሽን ግን አትወስኚ። የአማካሪዋን ወረቀት ይዘሽ ንስሐ አባትሽ ዘንድ ሂጂ፤ መሄድ ካቃተሽ ደውዪላቸውና ይምጡ። በጾሙ ፈንታ ጸሎት ወይም ምጽዋት ሊሰጡሽ ይችላሉ። በፈቃድ የበላሽው እንቁላል በኋላ ሌሊት አያባንንሽም።

አሁን ወደ ምግቡ። ኬሞ ካንሰሩን ሲመታ ቶሎ ቶሎ የሚባዙትን ጤነኛ ሕዋሳትም አብሮ ይመታል፤ አፍሽ የቆሰለው ለዚህ ነው። የተጎዳውን ሰውነት የሚጠግነው ደግሞ ፕሮቲን ነው። ለካንሰር ታካሚ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 ግራም በላይ፣ ቢቻል እስከ 1.5 ግራም ይመከራል። 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት እስከ 75 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ቢሰጥ ነው፤ አማካሪዋ ለምን እንደጨቀጨቀችሽ ይገባሻል።

እኔን ግን ከምግቡ ዓይነት ይልቅ የሚያሳስበኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋሉ ነው። ባዶ ሆድ ማቅለሽለሹን ያብሰዋል፤ አንቺ የሚያስፈልግሽ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ መብላት ነው። ልብሽ ወተትና እንቁላሉን እንቢ ካለ እንኳ፣ የጾሙን ምግብ በሰዓቱ ሳትገደቢ መብላት አንድ መንገድ ነው፤ ምስር፣ ሽሮ፣ አኩሪ አተር፣ የለውዝ ቅቤ። አቮካዶ እንደሆነ ጅማ ላይ አይጠፋም። ይህንን ግን ለአማካሪዋ ንገሪያት፤ «እንቁላል አልበላም፣ በምን ልተካው?» በያት። አብዛኞቻችን ነጭ ጋወን ፊት «እሺ» እንላለን፣ ቤት ስንደርስ አንበላም። ያኔ እሷ የጻፈችው ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለ ዓሣ እንዳትጠይቂኝ፤ ያ ክርክር ለሌላ ቀን ይቆይ።

አፍሽ እስኪድን በርበሬውን ተዪው፤ አልጫ፣ አጥሚት፣ ቀዝቀዝ ያለ ገንፎ ይሻልሻል። ብረት ብረት ለሚለው በእንጨት ማንኪያ ሞክሪ። የጅማን ሰው ቡና ተዉ ማለት አልደፍርም፤ ብቻ ከምግብሽ ጋር አታድርጊው፣ በምግቡ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደምሽ እንዳይገባ ያግደዋልና።

የጎረቤትሽን ነገር በተመለከተ፣ ወተት የያዘሽን ካንሰር ያሳድገዋል የሚል ማስረጃ የለም። ያልፈላ ወተት ግን ለአንቺ አደገኛ ነው፤ ኬሞ ነጭ የደም ሕዋስሽን ስለሚያወርደው ተራ ጀርም ይጥልሻል። ይልቅ ከጡት ካንሰር ጋር ዝምድናው የተረጋገጠው አልኮል ነው፤ ጠላውም ጠጁም ይቅርብሽ። ደግሞ ይህን ሁሉ «ብዪ፣ ብዪ» የምልሽ ኪሎሽ ስለወረደ ነው። በሕክምናው ጊዜ የሚወፍሩም ብዙ ናቸው፤ የእነሱ ምክር ሌላ ነውና ወረቀትሽን ለሌላ ታካሚ አታውሺ።

አማትሽ ክፉ አላሰቡም። ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቢላቸው፤ ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው አስተምረዋል። ተጠመቂ፤ እስኪያስመልስሽ በባዶ ሆድ መጠጣቱ ግን ይቅር፣ ያለሽን ጉልበት ይወስድብሻል። አጥሚቱን የሚያፈሉልሽ እሳቸው ይሁኑ፤ እያፈሉ ይጸልዩልሽ።

ለፋሲካ ዶሮውን በደንብ አብስለሽ ብዪ። ክትፎውና ጥሬ ሥጋው ግን ኬሞው አልቆ፣ ደምሽ ታይቶ፣ ሐኪምሽ «አሁን ይቻላል» እስኪልሽ ይቆይ።