ለ400 ሰው ድንኳን ከአዳራሽ ይረክሳል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። የጠየቅሽው ባጭሩ ይህ ነው፦ ቂርቆስ ባለው የወላጆችሽ ቤት ደጃፍ ድንኳን ተክሎ ለሠርግ 400 ሰው መጋበዝ ከሆቴል አዳራሽ ይረክሳል ወይ፣ ጥር ይሻላል ወይስ ከፋሲካ በኋላ፣ በጀቱስ ከምን ይጀመር። የታናናሾቼን ሠርግ ደብተር ይዤ የዞርኩ የቤታችን የመጀመሪያ ልጅ ስለሆንኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

ድንኳን የሚያዋጣው ወጡን ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ብቻ ነው። ምግቡን ከውጭ አዝዛችሁ ድንኳንም ከተከራያችሁ፣ አዳራሽ ውስጥ አብሮ የሚገኘውን ሁሉ፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ መብራቱን፣ ውሃውን፣ ጥበቃውን፣ አንድ በአንድ ትከፍሉበታላችሁ። የሆቴል ሒሳብ ቢያንስ አስቀድሞ ይታወቃል። ለምሳሌ አንድ ሰሐን 1000 ብር ቢሉሽ፣ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከል 1265 ብር ይሆናል፤ ለ400 ሰው 506 ሺህ ብር። ታክሱ ተካቷል ወይ ብለሽ ሳትጠይቂ ቀብድ አትስጪ። ከዚያ የድንኳኑን ወጪ ሁሉ ደምረሽ ለአንድ ሰው ስንት እንደሚደርስ አስዪና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው።

400 ያልሽው ቁጥር ግን የአዳራሽ ቁጥር ነው። ሰፈር ውስጥ የተተከለ ድንኳን ራሱ የጥሪ ካርድ ነው። ሆቴል ቢሆን «ቦታ ጠበበን» ይባላል፤ ሙዚቃውን ከግድግዳው ማዶ ሲሰማ ውሎ ያልተጠራ ጎረቤት ግን እናትሽን ዕድሜ ልክ ይታዘባታል። ስለዚህ የእድሩን አባላትና ጎረቤቱን ከመጀመሪያው ቁጠሪያቸው፤ ካርዱንም በስም ሳይሆን በቤተሰብ ልክ አስቢው።

ድንኳን ስትከራዪ «የስንት ሰው ነው?» ብለሽ አትጠይቂ። አከራዮች «የ250 ሰው» የሚሉት ብዙ ጊዜ እንደ ሐዘን ቤት ወንበር በወንበር ተደርድሮ ነው። በሜትር ጠይቂ። 10 በ20 ሜትር ማለት 200 ካሬ ነው፤ በጠረጴዛ ከሆነ ለአንድ ሰው ከ1.2 እስከ 1.5 ካሬ ስለሚያስፈልግ ከ130 እስከ 160 ሰው ይይዛል። የሙሽሮች መድረክና የምግብ ማንሻው ገና አልተቆጠረም። 400 ሰው በአንድ ጊዜ ለማስቀመጥ ከ500 ካሬ ያላነሰ ቦታ ትፈልጊያለሽ፤ ቂርቆስ ውስጥ ይህን የት ታገኚዋለሽ? እኛ ያደረግነው ጎረቤትን ቀድሞ፣ ከሩቅ የመጣውን ቀጥሎ፣ በሁለት ዙር ማብላት ነበር፤ ማንም አልተቀየመም።

መሬቱንም እዪው። ኮብልስቶን ላይ ካስማ አይመታም፤ ድንጋዩን ልንቀለው ብትሉም ወረዳው አይለቃችሁም። 200 ሊትር በርሜል ውሃ ሲሞላ 200 ኪሎ ይመዝናልና ገመዱን እሱ ላይ ማሰር ይሻላል። በጎረቤት አጥር ላይ አሳስረው የሚሄዱ አሉ፤ ነፋስ ሲነሳ አጥሩም ድንኳኑም አብረው ይመጣሉ። መንገድ የምትዘጉ ከሆነ ከወረዳውና ከትራፊክ ፖሊስ ፈቃድ በጽሑፍ አውጡ።

የእድር ድንኳን ርካሽ ነው፣ ብረት ድስቱና ወንበሩም አብሮ ይመጣል። ነገር ግን እድር የተቋቋመው ለሐዘን ነው። በዋዜማው ሰው ቢሞት ድንኳኑ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳል፤ ማንም አያጉረመርምም፣ ማጉረምረምም ነውር ነው። ስለዚህ ከግል አከራይ መጠባበቂያ ያዢ። ሐዘኑ በዚያው ጎዳና ላይ ከሆነ ደግሞ ሽማግሌ ልካችሁ ሐዘንተኞቹን ሳታስፈቅዱ ሙዚቃ አትክፈቱ። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ አባላቱ የተበተኑበት እድር ብዙ ነውና፣ የእናንተስ ዕቃው በእጁ እንዳለ አረጋግጪ።

ስለ ወሩ፦ ሥርዓታችሁ በተዋሕዶ ከሆነ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ያልፋል፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ እንደ ዓመቱ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል። ጾሙ ቀድሞ በሚገባበት ዓመት የሚተርፉት ቅዳሜና እሑዶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አዲስ አበባ በሙሉ አንዱን ድንኳንና አንዱን ካሜራ ይሻማል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምምና የሥራ ቀን ከመረጣችሁ ዋጋ ትቀንሳላችሁ። ጣጣው የበልግ ዝናብ ነው። በአንድ የዘመዳችን መልስ ላይ ሁለት ድንኳን ተጋጥሞ፣ መጋጠሚያው ቦይ ሳይበጅለት ቀርቶ ውሃ አቆረ። አንድ ቀልጣፋ ልጅ በመጥረጊያ እንጨት ከታች ሲገፋው ያ ሁሉ ውሃ የተቆለለው እንጀራ ላይ ወረደ። በሚያዝያ የምትደግሱ ከሆነ አንድ ወጥ ድንኳን፣ ጣሪያው የተወጠረና ተዳፋት ያለው ብቻ ተከራዩ።

ምግቡ ላይ ብልጠት ያስፈልጋል። አንድ ዶሮ 12 ብልት ነው፤ ለ400 ሰው አንዳንድ ብልት ብታስቡ 34 ዶሮ፣ 400 እንቁላል፣ ለእያንዳንዱ ዶሮ ደግሞ ከኪሎ ያላነሰ ሽንኩርት ነው። በእኔ አስተያየት ዶሮውን ለሙሽሮችና ለሽማግሌዎች ማዕድ አድርጉትና ሌላውን በቀይ ወጥና በአልጫ ሸፍኑት። ለሙስሊም እንግዶቻችሁ የሚያርደውም፣ ድስቱም፣ አብሳዩም የተለየ ይሁን፤ ጥግ ላይ የተረሳ ጠረጴዛ ሳይሆን በክብር የተዘጋጀ። የጾም ምግብም አይጥፋ። ጠጁ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ይጣል።

መብራትን በተመለከተ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳል፤ ምጣዱን፣ የድምፅ መሣሪያውንና አምፖሉን በአንድ የቤት ቆጣሪ ላይ ብትጭኑ ሙሽሮቹ በሚገቡበት ሰዓት ጨለማ ነው። ለድንኳኑ ጄነሬተር ተከራዩ፣ ነዳጁ በማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። ውሃ በፈረቃ ከሆነ ሮቶውን ቀደም ብላችሁ ሙሉ።

ገንዘቡን በተመለከተ ከጠቅላላው እስከ 15 በመቶ ለድንገተኛ አስቀምጪ። «በሬውን እኔ» ያለ አጎት በሬው ግቢ እስኪገባ ድረስ ደብተር ላይ አይመዘገብም። ስጦታንም እንደ ገቢ አትቁጠሪ።

አቅሙ ካጠራችሁ ደግሞ ምሳውን በአነስተኛ አዳራሽ ለ150 ሰው አድርጉና መልሱን በደጃፋችሁ ድንኳን ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታችሁ አብሉ። እኔን ብትጠይቂኝ ይህን እመርጣለሁ። የእድሩን ብረት ድስትና ወንበር በማግስቱ ቆጥሮ የሚያስረክብ ዘመድ ግን ከአሁኑ ሰይሙ፤ የጎደለው የሚጻፈው በአባትሽ ስም ነው።