«እናቴ ካሜራውን በነጠላ ትጋርደዋለች»

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የ76 ዓመቷ እናቴ አዲስ አበባ ከሠራተኛዋ ጋር ትኖራለች። አምና መታጠቢያ ቤት ወድቃ ስለነበር ሳሎኑና መኝታ ቤቷ ውስጥ ካሜራ አስገጠምኩ። እሷ ግን ነጠላ ትጋርድበታለች፣ ዋይፋዩን ከሶኬት ትነቅላለች። ለደህንነቷ ብዬ እንደሆነ እንዴት ላስረዳት?

ምላሽ፦ እህቴ፣ በረጅሙ ደብዳቤሽ እናትሽ መቼ እንደሚነሱ፣ ምን እንደሚበሉ፣ ማን እንደሚጠይቃቸው ሁሉ ጽፈሽልኛል። እሳቸው የተናገሩት አንድ ቃል ግን የለበትም። ካሜራው ሲገጠም አስፈቅደሻቸው እንደሆነም አልነገርሽኝም።

ስጋትሽ የሚናቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች ከመቶ 28 እስከ 35 የሚሆኑት በየዓመቱ ይወድቃሉ።

ልቤን የነካው ግን በመሀል ጣል አድርገሽ ያለፍሽው ነገር ነው። እናትሽ ሲሰግዱ ስልክሽ ላይ ከካሜራው ማስጠንቀቂያ መጣ። ደንግጠሽ ደወልሽ። «እማዬ፣ ወደቅሽ እንዴ?» ነጠላው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እስቲ አስቢው፤ በገዛ መኝታ ቤታቸው፣ ፈጣሪያቸው ፊት በግንባራቸው ተደፍተው ሳለ ልጃቸው እያየቻቸው እንደነበር አወቁ። እልኸኛ ሆነው የጋረዱት አይመስለኝም። ብቻቸውን የሚሆኑበት ቦታ ነው ያጡት።

ጎረቤቶች ለቡና መምጣት ማቆማቸውንም «ሰው ተለወጠ» ብለሽ አልፈሽዋል። አሜሪካ ያለች ልጅ እያየችና እየሰማች ማን የሆዱን ያወራል? እናትሽ ቢወድቁ ቀድመው የሚደርሱት ግን እነሱ ናቸው። አንቺ ብታዪም ከዚያ ሆነሽ አታነሻቸውም። ሠራተኛዋም ቀኑን ሙሉ ስትቀረጽ ፈቃዷን የጠየቃት ያለ አይመስልም።

አባትሽ ሲያርፉ ለቀብር እንዳልደረስሽ በአንድ መስመር ነግረሽኛል። ካሜራው ይበልጥ የሚያረጋጋው አንቺን ይመስለኛል። በዚህ አታፍሪ፤ ሩቅ ያለ ልጅ ጭንቀቱ ይገባኛል። ግን የአንቺ ሐዘን ማስታገሻ እሳቸው መኝታ ቤት መሰቀል የለበትም።

ለሁሉም ቤት የሚሆን መልስ የለኝም። የመኝታ ቤቱ ካሜራ ግን ዛሬውኑ ቢነሳ እላለሁ። የሳሎኑን እሳቸው ይወስኑ፤ አእምሯቸው ንቁ እስከሆነ ድረስ እምቢ ካሉም እምቢታቸው ይከበር። ምናልባት አንገት ላይ የሚንጠለጠል የድንገተኛ ጥሪ ቁልፍ ይስማማቸው ይሆናል። ግን መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ እሱም ላይሠራ ስለሚችል፣ የሚያምኑት ጎረቤት ጋ የቤቱ ቁልፍ ይቀመጥ። ደግሞ የወደቁት መታጠቢያ ቤት ነው፤ እዚያ ካሜራ የለሽም። ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት፣ ወለሉ ላይ የማያንሸራትት ምንጣፍ አስደርጊላቸው።

ቅሬታቸው ቶሎ ላይበርድ ይችላል፣ ታገሻቸው። የአባትሽን ነገር ግን እዚያው አካባቢሽ ካለ ባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠሽ ብታወሪበት ደስ ይለኛል። አገር ቤት ስትመጪ ደግሞ፣ እናትሽ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ አብራችሁ እኔ ጋ ኑ።